ገንዳው ሲታደስ ውሃውን ማን ይጠብቀው?

«ውሃን ምን ያስጮኸዋል? ድንጋይ» ይላል ያገራችን ተረት። ተረቱ የተነገረው ለወንዝ ውሃ ነው እንጂ ለመዋኛ ገንዳ አይደለም፤ ነገር ግን ገንዳውን ለማደስ ግንበኛና ለሳኝ በገቡበት ጊዜ ቃሉ ለገንዳውም ይሠራል። ሲሚንቶውና ኖራው ከውሃው ጋር ሲገናኙ ጠባዩ ይለወጣል፤ ለውጡ ግን በዓይን አይታይም፥ በጆሮም አይሰማም። የሚያውቀው በየቀኑ የሚለካ ሰው ብቻ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ «እኔ ገንዳ የለኝ፤ ይህ ነገር ምን ይመለከተኛል?» ይሉ ይሆናል። ዛሬ ተማሪ ወይም ጀማሪ ጸሐፊ ቢሆኑ፥ ነገ የአንድ ትምህርት ቤት፥ የሆቴል ወይም የማዘጋጃ ቤት ኃላፊ ሆነው «ገንዳው ይታደሳል፤ ውሃው ይፍሰስ ወይስ ይቆይ?» የሚል ወረቀት ለፊርማ ሊቀርብልዎ ይችላል። ርዝመቱ 50፥ ወርዱ 25፥ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ገንዳ 2,500,000 ሊትር ውሃ ይይዛል። ሰው ውሃ በፈረቃ በሚጠብቅበት ከተማ ይህን ያህል ውሃ በአንድ ፊርማ ማፍሰስ ቀላል ነገር አይደለም። የተበላሸ ውሃ ውስጥ ልጆችን ማስገባትም ከዚያ የባሰ ነው።

ሚዛን ማለት ምን ማለት ነው?

ዴንማርካዊው ሊቅ ሶረንሰን በ1909 እ.ኤ.አ. የውሃን አሲድነት የሚለካውን «ፒ ኤች» የተባለውን መለኪያ አወጣ። 7 መካከለኛ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው አሲድ፥ ከዚያ በላይ ያለው አልካሊ ነው። ለመዋኛ ውሃ የሚስማማው ከ7.2 እስከ 7.8 ያለው ነው። ጀርምን የሚገድለው ክሎሪን ደግሞ በአንድ ሊትር ውሃ ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም እንዲገኝ ይፈለጋል።

እነዚህ ሁለቱ ነገሮች የተያያዙ ናቸው። ፒ ኤቹ 7.5 በሆነ ጊዜ ከክሎሪኑ ግማሽ ያህሉ ጀርም የመግደል ኃይል ባለው መልኩ ይገኛል፤ ወደ 8 ከፍ ያለ እንደሆነ ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በገንዳው ውስጥ ክሎሪን ሞልቶ ሳለ ውሃው መከላከያ የሌለው ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ነገር የኖራው መጠን ነው። አሜሪካዊው ላንገሊየር በ1936 እ.ኤ.አ. ውሃ መቼ ኖራ እንደሚያሟሟና መቼ እንደሚጥል የሚያስታውቅ ስሌት አሳተመ። ኖራ ያነሰው ውሃ እንደ ተራበ ከብት ነው፤ የሚበላው ቢያጣ የገንዳውን ልስን ይበላል። ከመጠን በላይ የጠገበው ደግሞ ትርፉን በግድግዳውና በቧንቧው ላይ ይጥለዋል።

ግንበኛው ሲገባ

እድሳት በተጀመረ ጊዜ ሦስት ነገሮች ባንድነት ይደርሳሉ። አንደኛ፥ ፓምፑ ይቆማል። የቆመ ውሃ አይጣራም፤ የፀሐይ ጨረርም ያልተጠበቀውን ክሎሪን በጥቂት ሰዓት ውስጥ አብዛኛውን ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ አረንጓዴው ዋቅላሚ ይበቅላል፤ በሞቃት አገር ከሆነም የወባ ትንኝ ዕንቁላል በአንድ ሳምንት ወይም በ10 ቀን ውስጥ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ሁለተኛ፥ የሲሚንቶ አቧራ በውሃው ላይ ይወርዳል። ሦስተኛ፥ ከአዲሱ ልስን ውስጥ ኖራ እየሟሟ ይወጣና ፒ ኤቹን ከ8 በላይ ያደርሰዋል።

የሚታደሰው ዙሪያው ወይም የላይኛው ንጣፍ ብቻ የሆነ እንደሆነ ውሃውን ማፍሰስ አያስፈልግም። ከሥራው ቦታ በታች ዝቅ ማድረግ፥ በሸራ መሸፈን፥ በታችኛው መውጫ በኩል ፓምፑን በየቀኑ ማስነሣት፥ አቧራውንም ወደ ገንዳው ሳይሆን ወደ ውጭ መጥረግ ይበቃል። ጧት ጧት ይለካል፤ ፒ ኤቹ ከፍ ካለ አሲድ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል።

ልስኑ ሁሉ የሚለወጥ ከሆነ ግን ገንዳው መፍሰሱ ግድ ነው። እዚህ ላይ አርኪሜዲስን ማስታወስ ይገባል። በክረምት የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ባለበት ቦታ ባዶ ገንዳ እንደ ጀልባ ነው፤ ከሥር ያለው ውሃ ገፍቶ ሊያነሣውና ሊሰነጥቀው ይችላል። ስለዚህ ማፍሰሱ በበጋ ቢሆን ይመረጣል።

አዲሱ ልስን ካለቀ በኋላ ገንዳው ያለ ማቋረጥ ይሞላል፤ አለዚያ ውሃው የቆመበት መሥመር በግድግዳው ላይ ምልክት ይተዋል። የመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የጥበቃ ቀናት ናቸው፤ በየቀኑ መለካት፥ ግድግዳውን በብሩሽ መፈተግና የወጣውን ዱቄት በማጣሪያ መሰብሰብ ያስፈልጋል።

የሪዮ ትምህርት

«ብዙ መድኃኒት ቢጨመርስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። በ2016 እ.ኤ.አ. በሪዮ ደ ጃኔሮ የኦሊምፒክ ጨዋታ ሲደረግ፥ ተወዳዳሪዎች ከከፍታ እየዘለሉ የሚጠልቁበት ገንዳ ኦገስት 9 ቀን ዓለም እያየው አረንጓዴ ሆነ። አዘጋጆቹ እንደ ገለጹት፥ ከጥቂት ቀን በፊት 80 ሊትር ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ተጨምሮበት ኖሯል። ፐሮክሳይድ ለብቻው ጀርም ገዳይ ነው፤ ክሎሪን ባለበት ሲገባ ግን ሁለቱ ይጠፋፋሉ። እንግዲህ ሁለት መልካም ነገሮች ያለ ስሌት ሲገናኙ መከላከያውን አፈረሱት ማለት ነው። ከአጠገቡ የነበረውም ገንዳ ውሃው ፈስሶ በሌላ ውሃ እንዲሞላ ግድ ሆነ።

ስሌቱ ከ8ኛ ክፍል ተማሪ አቅም በላይ አይደለም። ለ2,500,000 ሊትር ውሃ በሊትር 1 ሚሊግራም ክሎሪን ለማድረስ 2.5 ኪሎ ንጹሕ ክሎሪን ያስፈልጋል፤ ከመቶ 65 ክሎሪን ያለበት ዱቄት ቢሆን 3.85 ኪሎ ያህል መሆኑ ነው። ሁለት ነገር ግን በብርቱ ይጠበቅ። አሲድና ክሎሪን ከቶ አይቀላቀሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። አሲድም በውሃ ላይ ይፈሳል እንጂ ውሃ በአሲድ ላይ አይፈስም።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፤ ያ ወረቀት ጠረጴዛዎ ላይ የመጣ ቀን ከፊርማዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ። በውሉ ላይ የግንበኛው፥ የቀለም ቀቢውና የቧንቧ ሠራተኛው ስም ይገኛል፤ ውሃውን በየቀኑ ለክቶ በመዝገብ የሚጽፈው ሰው ስምስ? እርሱ ከሌለ ውሉ አልተሟላምና ወረቀቱን ይመልሱት።