«አትንኩ!» የማይባልበት ኮምፒውተር

እኔ ባደግሁበት ቤት ኮምፒውተሩ ሳሎን ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጥ ነበር። እንዲከፍተው የተፈቀደለት ታላቅ ወንድሜ ብቻ ነው። እኛ ትንንሾቹ ጠጋ ካልን ከጓዳ የሚመጣው ድምፅ ያው ነበር፤ «አትንኩ! ይበላሻል!» እናታችን እውነቷን ነበር። ዕቃው የብዙ ወር ደመወዝ የፈሰሰበት፣ ቢበላሽ ምትክ የሌለው ነው። እንዲህ ያደገ ልጅ ኮምፒውተር መጠቀም አይቸግረውም። ትእዛዝ ጽፎለት «እስቲ ምን ያደርግ ይሆን?» ብሎ መሞከር ግን ይፈራል።

ፍርሃቱ የእኛ ቤት ብቻ አለመሆኑን የተረዳሁት ራስፕቤሪ ፓይ የተባለውን ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር ታሪክ ሳውቅ ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ያስተምር የነበረው ኤበን አፕተን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ አንድ ነገር ያሳስበው ጀመር። ለትምህርቱ የሚያመለክቱት ወጣቶች ቁጥር እየቀነሰ ነበር፤ የሚመጡትም ቢሆኑ ከእነሱ በፊት እንደነበሩት ተማሪዎች ፕሮግራም የመጻፍ ልምድ የላቸውም። በ1980ዎቹ የእንግሊዝ ልጆች በቤትም በትምህርት ቤትም እንደ ቢቢሲ ማይክሮ ያሉ ማሽኖች ነበሯቸው። ቢቢሲ ማይክሮ ሲበራ ሌላ ነገር አያሳይም፤ ትእዛዝ ጠብቆ ይቆማል፤ ልጁም መጻፍ ግድ ይሆንበታል። ኋላ ቦታውን የጨዋታ ማሽኖችና የቤተሰብ ኮምፒውተር ወሰዱት። የቤተሰቡ ኮምፒውተር ደግሞ የአባት የሥራ ፋይል ያለበት ነውና ልጅ እንዲነካካው አይፈቀድም። አፕተንና ጓደኞቹ ያሰቡት መድኃኒት ቀላል ነበር፤ ቢበላሽ ማንም የማይቆጣበት ርካሽ ኮምፒውተር። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2009 የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋሙ።

የመጀመሪያው የራስፕቤሪ ፓይ ሰሌዳ ለገበያ የቀረበው የካቲት 21 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ በአራት ዓመት አንዴ ብቅ የምትለው ፌብሩዋሪ 29፣ 2012 መሆኗ ነው። ዋጋው 35 ዶላር ነበር። 10,000 ያህል ቢሸጥ ይበቃናል ብለው የነበሩት ሰዎች፣ በዚያው ቀን የሻጮቹ ድረ ገጾች በጎብኚ ብዛት ሲቆሙ አዩ። ዛሬ የተሸጠው ከ60 ሚሊዮን ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ 5 ዶላር የሚያወጣ ዜሮ የተባለ ታናሽ ወንድሙ ሲወጣ፣ ለአንድ መጽሔት አንባቢዎች ሽፋኑ ላይ ተለጥፎ በነፃ ታደለ። ኮምፒውተር ከመጽሔት ጋር ሲመጣ ያ የመጀመሪያው ነበር ይባላል።

ስሙ ከሁለት ነገር የመጣ ነው። ራስፕቤሪ የእኛ እንጆሪ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የተመረጠውም ኮምፒውተርን በፍራፍሬ መሰየም የቆየ ልማድ በመሆኑ ነው። ፓይ ደግሞ ፓይተን ከተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ተቆርጦ የተወሰደ ነው።

ዕቃውን በእጃችሁ ስትይዙት የመጀመሪያው ስሜት «ይኸው ብቻ?» የሚል ነው። ኤቲኤም ካርድ የሚያህል አረንጓዴ ሰሌዳ ነው፤ ሽፋን፣ ኪቦርድ፣ ስክሪን የሚባል ነገር የለውም። ነገር ግን በአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ልክ ያለችው ቺፕ ፕሮሰሰሩን ይዛለች፤ አጠገቧ ራሙ አለ፤ ዳር ዳሩን የዩኤስቢ፣ የኔትወርክና የኤችዲኤምአይ መሰኪያዎች ተደርድረዋል። የፕሮሰሰሩ ዘር ኤአርኤም ይባላል። ይህን ዘር በ1980ዎቹ የፈጠሩት ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር ናቸው፤ የሠሩለትም አኮርን የተባለው፣ ያንኑ ቢቢሲ ማይክሮን ያመረተው የካምብሪጅ ኩባንያ ነው። አብዛኛው የእጅ ስልክ የሚሠራው በዚሁ ዘር ስለሆነ፣ ኪሳችሁ ውስጥ የታሸገውን ነገር እዚህ ሰሌዳ ላይ ገልጣችሁ ታዩታላችሁ ማለት ነው።

ለጀማሪ የምመክረው አራተኛውን ትውልድ ነው። አምስተኛው ፈጣን ቢሆንም ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ ቶሎም ይሞቃል። አራተኛው 5 ቮልት፣ 3 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ይበቃዋል። ስለ ቻርጀሩ ግን አትቸኩሉ። የስልክ ቻርጀር ላይ 5 ቮልት ተብሎ ቢጻፍም፣ ሰሌዳው ሥራ ሲበዛበት ቀጭኑ ኬብል ላይ ቮልቴጁ ይወርዳል። ያኔ ስክሪኑ ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት ብልጭ ይላል፤ «ኃይል አነሰኝ» ማለቱ ነው። ብዙ ጀማሪ ሰሌዳው ተበላሽቷል ብሎ የሚያዝነው ቻርጀሩ ስለደከመ ብቻ ነው።

ሌላው የግድ የሚያስፈልገው ሚሞሪ ካርድ ነው፤ 32 ጊጋባይት ይበቃል። ሰሌዳው የራሱ ማከማቻ ስለሌለው ሁሉ ነገር፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሳይቀር፣ የሚኖረው በዚህች ጥፍር በምታህል ካርድ ላይ ነው። በሌላ ኮምፒውተር ካርዱ ላይ ሲስተሙን ትጽፋላችሁ፤ ለዚህ የተዘጋጀ ነፃ ፕሮግራም አለ። ከዚያ ካርዱን ሰክታችሁ፣ ቲቪ አገናኝታችሁ፣ ኃይል ትሰጡታላችሁ። የምታዩት ሊኑክስ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ስትሞክሩ ሲስተሙን ብታበላሹት ካርዱን አጥፍታችሁ እንደገና ትጽፋላችሁ፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሌላው ሁሉ ቀርቶ ለዚህ ነፃነት ብቻ ብዬ ብገዛው አይቆጨኝም።

የመጀመሪያ ካርዴን ያጣሁት ግን በሙከራ አልነበረም። አንድ ማታ ፕሮግራም እየጫንኩ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ሰሌዳው አልነሳም አለ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ሲስተሙ «ጻፍኩ» ያለውን ነገር ለጥቂት ሰከንድ ራም ላይ ይዞ ይቆያል፤ ካርዱ ላይ በሚያሰፍርበት ቅጽበት ኃይል ሲቋረጥ የፋይሎቹ ማውጫ በግማሽ ተጽፎ ይቀራል። የሁለት ሳምንት ሥራዬ አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የካርዱን ቅጂ ሌላ ቦታ ሳላስቀምጥ አላድርም፤ እየተሞላ ኃይል መስጠት የሚችል ፓወር ባንክም በመሃል አስገብቻለሁ። ሰሌዳውንም ከሶኬት ነቅዬ አላጠፋም፤ መጀመሪያ በትእዛዝ እዘጋዋለሁ። አራተኛው ትውልድ የራሱ ሰዓት እንደሌለውም እወቁ። ሰዓቱን የሚያገኘው ከኢንተርኔት ነው፤ ኔትወርክ ከሌለ ትናንት ላይ ቆሞ ይነሳል።

ኢንተርኔት የሌለበት ቦታ ግን ለዚህ ሰሌዳ እንግዳ አይደለም። ኪዊክስ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን እንዳለ ካርድ ላይ ያስቀምጣል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ተለቅ ያለ ካርድ ይፈልጋል፤ የአማርኛው ግን ትንሽ ቦታ ይበቃዋል። ሰሌዳው በዋይፋይ ሲያሰራጨው ተማሪዎች በስልካቸው ያለ አንድ ሳንቲም ዳታ ያነባሉ። ኔትወርክ ያልደረሰው ትምህርት ቤት ያለበት አገር ሰው ይህን ሰምቶ እንዴት ዝም ይላል?

አማርኛም ይጽፋል። አቢሲኒካ የሚባለውን ነፃ የግዕዝ ፎንትና የመጻፊያ መሣሪያውን መጫን ብቻ ነው። ከዚህ የበለጠ ያስደሰተኝ ግን ፓይተን ከሦስተኛው ቅጂው ጀምሮ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም መቀበሉ ነው። የቋንቋው ትእዛዞች እንግሊዝኛ ቢሆኑም፣ እኛ ለምንፈጥረው ነገር የምንሰጠው ስም አማርኛ መሆን ይችላል።

ይህን ባለፈው ክረምት ከአሥር ዓመቷ የእህቴ ልጅ ጋር ሞከርነው። በሰሌዳው አንድ ጎን 40 ፒኖች በሁለት ረድፍ ቆመዋል። ከ11ኛው ፒን፣ ፕሮግራሙ 17 ብሎ ከሚጠራው፣ ሽቦ አውጥተን ወደ 330 ኦም ሬዚስተር፣ ከዚያም ወደ ትንሽ ቀይ ኤልኢዲ ረጅም እግር ወሰድነው። አጭሩን እግር 9ኛው ፒን ላይ መለስነው፤ እሱ ግራውንድ ነው። ፒኑ የሚሰጠው 3.3 ቮልት ነው፤ ቀዩ መብራት 2 ቮልት ያህል ሲወስድ በቀረው 1.3 ቮልት ሬዚስተሩ ፍሰቱን 4 ሚሊአምፔር ገደማ ላይ ይገታዋል። ያለ ሬዚስተር ኤልኢዲውም ፒኑም አደጋ ላይ ናቸው።

እዚህ ላይ ያን የእናቴን ቃል መናገር ግድ ሆነብኝ። በሰሌዳው ጥግ ያሉት 2ኛውና 4ኛው ፒኖች 5 ቮልት ይሰጣሉ፤ የቀሩት ፒኖች ግን ከ3.3 በላይ አይችሉም። አንድ ሽቦ ባለ 5 ቮልቱን ፒን ከሌሎቹ ጋር ቢያገናኝ ፕሮሰሰሩ ሊቃጠል ይችላል፤ ይህን ደግሞ ካርድ እንደገና መጻፍ አያድነውም። «እነዚህን ሁለቱን አትንኪ፤ ሌላውን እንደፈለግሽ» አልኳት። ምክንያቱንም ነገርኳት፤ እኛ በልጅነታችን ያልተነገረን ምክንያቱ ነበር። ሽቦ ስንቀይር ደግሞ ኃይሉን ሁልጊዜ እናጠፋለን።

ፕሮግራሙ አራት መስመር ነው። የመብራቱን መቆጣጠሪያ ከፓይተን ጓዳ ያስመጣል፣ 17ኛውን «መብራት» ብሎ ይሰይማል፣ በየሰከንዱ ብልጭ እንዲል ያዛል፣ እንዳይዘጋም ይጠብቃል። ቀዩ ብልጭ ሲል ልጅቷ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበችና አንዱን ሰከንድ ወደ አንድ አሥረኛ ለወጠችው፤ መብራቱ ተንቀጠቀጠ። አሁንም አልበቃትም። «መብራት» የሚለውን ቃል እያጠፋች በምትኩ የራሷን ስም ጻፈች። አንዱን መስመር ረስታው ስለነበር ስክሪኑ ላይ ቀይ የስህተት ጽሑፍ መጣ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ምንም አላልኩም። ተመልሳ መስመሮቹን በጣቷ እየተከተለች አንድ በአንድ አነበበች፣ የረሳችውን አገኘች፣ አስተካከለች፣ እንደገናም አስነሳችው።