ሐረጎን ወጥቶ ፒያሳ ላይ የሚፈላ ሞተር

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ በ2,500 ሜትር አካባቢ ስለሚገኙ በመካከላቸው ያለው ሐረጎ የመኪና ጉልበት የሚለካበት ዳገት ነው። ሞተር ሊሞቅ ይችላል ተብሎ የሚፈራውም እዚያው ነው። አንዳንዱ መኪና ግን ዳገቱን በሰላም ይጨርስና ደሴ ፒያሳ ደርሶ ሞተሩ ሳይጠፋ ሲቆም የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ይወጣል።

ይህን ለመካኒኩ በትክክል መንገር የምርመራው ግማሽ ነው። መኪና ሲሄድ ነፋሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዛል፤ ሲቆም ያን ሥራ የሚረከበው ቬንቲሌተሩ ነው። ስለዚህ ቆሞ ብቻ በሚሞቅ መኪና ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው፤ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ ሙቀት ለኪው ሴንሰር፣ የራሱ የቬንቲሌተሩ ሞተር። ኤሲ ባላቸው ብዙ መኪኖች ኤሲው ሲከፈት ቬንቲሌተሩ መዞር አለበት፤ ከዞረ የቬንቲሌተሩ ሞተር ደህና ነው፣ ጥርጣሬው ወደ ሴንሰሩ ይሄዳል። በቺንጋ በሚዞር ቬንቲሌተር ላይ ደግሞ የቺንጋው መላላት ይታያል። በተቃራኒው ዳገት ላይ የሚሞቅ መኪና የተደፈነ ራዲያተር፣ የማይከፈት ቴርሞስታት ወይም የደከመ የውሃ ፓምፕ ሊኖረው ይችላል።

ደሴ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ከፍታው። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ ደሴ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። የብዙ መኪኖች ቬንቲሌተር የሚነሳው ደግሞ ከ90 ዲግሪ በላይ ነው። ክፍተቱን የሚሞላው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን ቬንቲሌተሩ ሳይነሳ ውሃው ሊፈላ ይችላል። ዋጋው ትንሽ የሆነ ዕቃ ነው፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል መፍትሔ አይደለም። ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል፣ ነዳጅም ይበላል፤ የቬንቲሌተሩ ችግር ግን እንዳለ ይቀራል። የቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላትም ራዲያተሩን በዝገትና በደለል ይደፍነዋል፤ ኩላንት ዝገትን ይከላከላል፣ መፍያውንም ከፍ ያደርጋል።

ውሃው ያለ ፍሳሽ ከጎደለ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ፣ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ወይም ጭስ ማውጫው ወፍራም ነጭ ጭስ ከተፋ የቴስታታው ጋርኒሲዮን ሳይቃጠል አልቀረም። ያኔ መንዳት ይቁም። ከዚህ አንዱም ካልታየ ቴስታታ ከማስወረድ በፊት ክዳኑና ቬንቲሌተሩ ይፈተሹ። ክዳኑን ለመክፈት ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቅ፤ ግፊት ያለበት የፈላ ውሃ ፊትንና እጅን በቅጽበት ያቃጥላል።