ለቤንዚን ፓምፕ የክረምት ጥንቃቄ

በገሱባና በአካባቢዋ በበጋ ማሳ ሲያጠጣ የከረመ የቤንዚን ፓምፕ፣ የክረምቱ ዝናብ ሲበረታ ሥራ ይፈታል። ሞተር ግን በሥራ ብቻ ሳይሆን በዕረፍትም ይጐዳል፤ ይኸውም ለወራት የተቀመጠ ቤንዚን ሙጫ መሰል ዝቃጭ ሠርቶ የካርቡራተሩን ጠባብ ቀዳዳዎች ስለሚደፍን ነው።

ስለዚህ ባለንብረቱ ቤንዚኑን አስቀድሞ ቀድቶ ያውጣ፤ ጥቂት የቀረውንም ፓምፑ ውሃ እየሳበ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ይጨርሰው። ሞተሩ ሳይበርድ ዘይቱን ይለውጥ፤ በፓምፑ የቀረውን ውሃ ያፍስስ። ካንዴላውን ፈትቶ ጥቂት ንጹሕ የሞተር ዘይት ካንጠባጠበ በኋላ መልሶ ይግጠም፤ የማስነሻውን ገመድም በዝግታ እየሳበ ከበድ ሲለው ያቁም። ያን ጊዜ ቫልቮቹ ተዘግተው ርጥበት አያስገቡም። በመጨረሻም ከእሳት ርቆ፣ በደረቅ ስፍራ፣ ሳንቃ ላይ ያኑረው።

እንዲህ ያደረገ ሰው ዝናቡ ሲያባራ ሞተሩ ይነሣለታል፤ ቸል ያለው ግን አትክልቱ ውሃ ሲጠማው መካኒክ ፍለጋ ሶዶ ይሄዳል።