«ወገቤን ያዘኝ» ስንል የምንውጠው ኪኒን

የጤፍና የማሽላ አጨዳ ሲደርስ በጨፋ ሮቢትና በከሚሴ ዙሪያ ወገቡን የማያመው ሰው ማግኘት ይቸግራል። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ያጨደ ገበሬ፣ ጆንያ ሲሸከም የዋለ ወዛደር፣ ውሃ በጀሪካን የምታመላልስ እናት፣ በደሴ መንገድ ላይ መሪ እንደያዘ የመሸበት ሾፌር፣ ሁሉም ማታ የሚሉት አንድ ነው፤ «ወገቤን ያዘኝ»። መፍትሔውም ሩቅ አይደለም። «እኔን አሽሎኛል፣ አንተም ሞክረው» የሚል ጎረቤትና ከእሱ የተረፈ ኪኒን አይጠፋም።

ያ ኪኒን ግን ተራ የሕመም ማስታገሻ ላይሆን ይችላል። ሜቶካርባሞል፣ ክሎርዞክሳዞን፣ ታይዛኒዲን፣ ባክሎፌን፣ ዳያዜፓም የሚባሉት ጡንቻን የሚያላሉ መድኃኒቶች በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሰጡ ናቸው። ዳያዜፓም ደግሞ ሱስ የማስያዝ ባሕርይ ስላለው ልዩ ማዘዣ ይጠየቅበታል።

ስማቸው የጡንቻ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የሚሠሩት በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ላይ ነው። ጡንቻው እንዲኮማተር የሚያዝዘውን መልእክት ያበርዳሉ። ወገብን ሲያላሉ እንቅልፍ የሚያመጡት፣ ራስ የሚያዞሩትና እርምጃ የሚያንገዳግዱትም ለዚሁ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚያደርግዎ ሳያውቁ መኪና፣ ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል አይንዱ፤ ወፍጮና መውቂያ ማሽን አጠገብም አይሥሩ። አረጋውያን ወድቀው አጥንታቸው ሊሰበር ስለሚችል የበለጠ ጥንቃቄ ያሻቸዋል።

አብረው የማይሄዱ

አረቄ፣ ጠላና ቢራ የመድኃኒቱን ማደንዘዝ ያበረታሉ። ትራማዶልን ከመሰሉ ጠንካራ ማስታገሻዎች፣ በተለይ ከዳያዜፓም ጋር ሲደረብ ትንፋሽ እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል። «ጫት ስለምቅም አይጥለኝም» የሚሉም አሉ። ጫት እንቅልፉን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ መድኃኒቱን ከደም አያወጣውም፤ ምርቃናው ሲበርድ እንቅልፉ መሪ ላይ ሊደርስ ይችላል።

ብዙዎቻችን የምናውቀው ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክም ከታይዛኒዲን ጋር ፈጽሞ አይወሰድም፤ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ይጥላል። ክሎርዞክሳዞን ብዙ ጊዜ ከፓራሲታሞል ጋር በአንድ ኪኒን ተቀላቅሎ ይመጣል። በዚያ ላይ ሌላ ፓራሲታሞል መጨመር ጉበትን ይጎዳል።

ሰዓቱና ልኩ

«በየ8 ሰዓቱ» ማለት 8 ሰዓት ሲሆን ማለት አይደለም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜ ማለት ነው። የረሱትን ለማካካስ ሁለት ጊዜ የሚወሰደውን በአንዴ አይዋጡ። በረመዳን የሚጾሙም የቀኑን ኪኒን ሰብስበው በአፍጥር ሰዓት እንዳይውጡ፤ አወሳሰዱን ሐኪሙ ለጾሙ እንዲያስተካክልላቸው አስቀድመው ይንገሩት።

ለድንገተኛ የወገብ መያዝ እነዚህ መድኃኒቶች የሚታዘዙት ለጥቂት ቀናት፣ ቢበዛ ለ2 ወይም ለ3 ሳምንታት ነው። በስትሮክ ወይም በሕብለ ሰረሰር ጉዳት ጡንቻቸው ለተገተረ ሕሙማን ግን ባክሎፌን ለረጅም ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ባክሎፌንን ወይም ዳያዜፓምን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ካቋረጠ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊገጥመው ስለሚችል የሚያቆመው ሐኪም እያየው ቀስ በቀስ ነው። ሜቶካርባሞል የሚወስድ ሰው ሽንቱ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ቢሆን አይደንግጥ፤ የዓይን ቢጫ መሆን ግን ወደ ሐኪም ያስኬዳል።

ኪኒን የማይሸፍነው ሕመም

ትልቁ አደጋ መድኃኒቱ ሌላ በሽታ ሲደብቅ ነው። በቦርከና ዳር፣ በጨፋ ሜዳ ከብት የሚያረባና ጥሬ ወተት የሚጠጣ ሰው የወገብ ሕመም ከትኩሳትና ከሌሊት ላብ ጋር ከመጣበት ብሩሴሎሲስ ሊሆን ይችላል። የአከርካሪ ቲቢም እንዲሁ በወገብ ሕመምና በክብደት መቀነስ ይጀምራል። ሁለቱም የሚድኑት በራሳቸው መድኃኒት እንጂ በጡንቻ ማላያ አይደለም። እግር ከዛለ፣ በጭን መካከል ከደነዘዘ፣ ሽንት ካመለጠ ወይም አልወጣ ካለ ደግሞ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ቁስል ያለው ሰው መንጋጋው ከተቆለፈም ቴታነስ ሊሆን ስለሚችል እንዲሁ ነው።

ተራ የወገብ መያዝ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻላል። አልጋ ላይ ከመዋል ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ማድረግ፣ በሙቅ ጨርቅ መተኮስና ሸክምን መቀነስ ይረዳል።

ወደ መድኃኒት ቤት ሲሄዱ የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ፣ እርግዝናም ሆነ ማጥባት ካለ፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመምዎን ይናገሩ። የተረፈውን ኪኒን ሕፃናት ከማይደርሱበት ያኑሩ፤ ለጎረቤትም አያካፍሉ። መድኃኒቱ ያልተጠበቀ ጉዳት ካደረሰ ለጤና ባለሙያ፣ ወይም በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ያሳውቁ።