ከመስታወቱ በዚያ በኩል፦ «ፔፐርስ፣ ፕሊስ» የተባለው ጨዋታ

አብዛኞቻችን የኢሚግሬሽንን መስኮት የምናውቀው ከባለጉዳዩ ወገን ሆነን ነው። ሰነዳችንን በፌስታል ይዘን ተራ እንጠብቃለን፤ ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጠው ሰው ቀና ብሎ እስኪያየን ድረስ ፊቱን እናጠናለን። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2013 የወጣው «ፔፐርስ፣ ፕሊስ» የተሰኘው የኮምፒዩተር ጨዋታ ሰውን አንስቶ በዚያኛው ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ማኅተሙ በተጫዋቹ እጅ ነው።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1982 ነው። አርስቶትስካ የምትባል በካርታ ላይ የሌለች አገር ከጎረቤቷ ከኮሌቺያ ጋር ስድስት ዓመት ተዋግታ ድንበሯን ልትከፍት ነው። ድንበሩ ግሬስቲን የተባለችውን ከተማ መሀል ለመሀል ይከፍላታል፤ ምሥራቁ የአንዱ፣ ምዕራቡ የሌላው ነው። የበርሊንን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል። ተጫዋቹ ስሙ የማይነገር አባወራ ሲሆን የሥራ ዕጣ ወጥቶለት የኬላ ተቆጣጣሪ ሆኗል። መንግሥት ለቤተሰቡ ስምንተኛ ደረጃ የሆነ አፓርታማ ሰጥቶታል። ዲቪ ሲሞላ ለኖረ ሰው ዕጣ ማለት የመውጫ በር ነው። ይህ ሰው ዕጣው የደረሰው ግን በሩ ላይ እንዲቆም ነው።

ሥራው ሲጀመር ቀላል ነው። በመጀመሪያው ቀን ዜጋ ይገባል፣ የውጭ ሰው ይመለሳል። በሁለተኛው ቀን ለውጭ ሰዎችም ይከፈታል፤ በዚያው ቀን አንድ ሰው አጥር ዘሎ በጠባቂዎቹ ላይ ቦምብ ይጥላል። በማግስቱ የውጭ ሰው ሁሉ የመግቢያ ትኬት እንዲይዝ ይታዘዛል። ከዚያ ትኬቱ ቀርቶ የመግቢያ ፈቃድ ይመጣል፤ የሥራ ፈቃድ ይከተላል፤ ቆይቶም የጥገኝነት ሰነድ፣ የፖሊዮ ክትባት ካርድ ይጨመራል። ጠዋት ጠዋት ጋዜጣው አንድ ነገር ያወራል፣ መሥሪያ ቤቱም በዚያው ላይ አንድ ወረቀት ይጨምራል። ትናንት በትክክል ተሟልቶ የመጣ ሰው ዛሬ ጎደሎ ነው።

ጠረጴዛው ጠባብ ስለሆነ ወረቀቱ እርስ በርሱ ይደራረባል። ተጫዋቹ ፓስፖርቱን ይገልጣል፤ የአገልግሎት ዘመኑ አልፎ እንደሆነ ያያል፤ የተሰጠበትን ከተማ ከመመሪያው መጽሐፍ ጋር ያመሳክራል፤ ፎቶውን ከመንገደኛው ፊት፣ ቁመቱን ከኋላው ካለው መለኪያ ጋር ያስተያያል። ክብደቱ ከወረቀቱ ከበለጠ ዕቃ ደብቆ ሊሆን ይችላልና ልብሱን አልፎ ገላን ራቁቱን በሚያሳይ ማሽን ይፈተሻል። ጾታው ከፓስፖርቱ ጋር ያልገጠመለትም እዚያው ማሽን ፊት ይቆማል። ስሙ በሁለት ሰነድ ላይ የተለያየ ከሆነ የጣት አሻራ ይሰጣል፤ በመዝገብ የታወቀ ሌላ ስም ካለው ይድናል፣ ከሌለው ግን ሊያዝ ይችላል። የልደት ቀናችን በሁለት አቆጣጠር ለሚመዘገብ፣ የአባታችን ስም በላቲን ፊደል በጸሐፊው እጅ ልክ ለሚለዋወጥ ለእኛ ይህ የጨዋታ ሕግ ብቻ አይደለም። አንዲት ፊደል ጉዳይ ስታቆም ያላየ ቤተሰብ በመካከላችን ጥቂት ነው።

ጨዋታውን ከሌላው ሁሉ የሚለየው ግን ደመወዙ ነው። ተቆጣጣሪው የሚከፈለው በሰው ቁጥር ነው፤ በትክክል ላስተናገደው ለእያንዳንዱ 5 ክሬዲት ያገኛል። የሥራው ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ነው፤ ሰዓቱም እየሮጠ ነው። ማታ ቤት ኪራይ 20፣ ምግብ 20፣ ማሞቂያ 10 ይጠይቃል። ስለዚህ በቀን አሥር ሰው ያላስተናገደ አንዱን ማጉደል አለበት። ሚስቱ፣ ልጁ፣ አማቱና አጎቱ በአካል አይታዩም። ያሉት በሒሳቡ ወረቀት ላይ ነው፤ ከእያንዳንዳቸው አጠገብ አንድ ቃል ይጻፋል፦ ደህና፣ ርቦታል፣ በርዶታል፣ ታሟል። ያቺ አንዲት ቃል ስትለወጥ ተጫዋቹ በማግስቱ ሰልፍ ላይ ያለን ሰው የሚያይበት ዓይን አብሮ ይለወጣል። አንደበቱ ተይዞ የሚንተባተብ ሽማግሌ ታሪኩን ልንገርህ ሲል፣ ተጫዋቹ የሚያስበው ደቂቃውን ነው። እኔ ይህን ከብዙ ንግግርና ጥናት በላይ አስተማሪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መስኮት ላይ የሚያመናጭቀን ሰው ክፉ ሆኖ የተፈጠረ ይመስለናል፤ ጨዋታው ግን ክፋቱ በምን ሒሳብ እንደሚመረት ቁጭ አድርጎ ያሳያል።

ምሕረትም በዚሁ ሒሳብ ውስጥ ገብታለች። በአምስተኛው ቀን ሰነዱ የተሟላ አንድ የአንቴግሪያ ሰው ያልፍና ሚስቴ ከኋላዬ ናት፣ አደራህን ይላል። ሚስትየዋ ስትመጣ የመግቢያ ፈቃድ የላትም። አገሯ ብትመለስ እንደሚገድሏት ትናገራለች። መመሪያው ትመለስ ይላል። ተጫዋቹ ካስገባት፣ ሴትየዋ ከመስኮቱ ዞር እንዳለች ማተሚያው ይንጫጫና የስህተት ወረቀት ይተፋል። ደግሞም ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ፦ በየቀኑ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስህተቶች በማስጠንቀቂያ ያልፋሉ፤ ገንዘብ የሚያስቀጣው ሦስተኛው ነው። ሁለቱ የተፈቀዱት ተቆጣጣሪ ሰው ነውና ይሳሳታል ተብሎ ነው። ብዙ ተጫዋች ግን ሳይውል ሳያድር ለሌላ ነገር ይቆጥባቸዋል፤ በቀን ሁለት ሰው በነፃ ማዘን ይቻላል ማለት ነውና። በችኮላ አንድ ጊዜ ተሳስቶ፣ አንድ ጊዜም አዝኖ ኮታውን የጨረሰ ሰው ቀጥላ የመጣችውን ምስኪን ሲመልስ ምክንያቱ ጭካኔ አይደለም፤ ትናንት ማሞቂያ አልከፈለም።

በዚያው በአምስተኛው ቀን የተገላቢጦሹም ይመጣል። አንዲት ወጣት ሴት ከኋላ የቆመ አንድ ሰው በሥራ ስም ወስዶ ፓስፖርቷን እንደሚቀማትና ሴተኛ አዳሪነት ውስጥ እንደሚያስገባት ተናግራ አታሳልፈው ብላ ትለምናለች። ሰውየው ሲደርስ ሰነዱ አንድ እንከን የለውም። ካለፈ፣ በነጋታው ጋዜጣ ላይ የሴቶች ሞት ይነበባል። ፓስፖርት ተቀምተው በሰው አገር የተቸገሩ እህቶች ላሉት አንባቢ ይህ ቦታ ላይ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑን ያቆማል።

እንዲህ ያለውን ነገር ያሰበው ሉካስ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ ነው። «አንቻርትድ» የተባሉትን ታዋቂ ጨዋታዎች በሠራው ኖቲ ዶግ ኩባንያ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ ከዚያ ወጥቶ ከባለቤቱ ጋር ጃፓን ተቀመጠ። በየአየር ማረፊያው ሲያልፍ የኢሚግሬሽን ሠራተኞች ፓስፖርት እያገላበጡ ሲያመሳክሩ ማየቱ ሐሳቡን አመጣለት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 ጀምሮ በዘጠኝ ወር ገደማ ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም፣ ጽሑፉንም ብቻውን ሠርቶ ጨረሰ። በ2014 በነፃ ጨዋታ ሠሪዎች ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት፣ ከእንግሊዝም የባፍታን ሽልማት ወሰደ። በ2018 ሩስያውያን ፊልም ሠሪዎች አጭር ፊልም አወጡለት። ዛሬ በስልክም ይጫወቱታል።

ተቆጣጣሪው የሚፈተነው በእዝነት ብቻ አይደለም። አንድ ዘበኛ ሰውን ከመመለስ ይልቅ ለእስር ብትሰጠኝ ከሚታሰሩት ቁጥር የሚገኘውን አካፍልሃለሁ ይለዋል። እስኪያዩት ድረስ ቀላል ይመስላል። ከዚያ በኋላ ግን ሰነዱ የጎደለበት ሁሉ ገንዘብ መምሰል ይጀምራል፤ ተመለስ ብሎ መሸኘት የሚበቃው ሰው በሰንሰለት ይወሰዳል። መንግሥትን ለመገልበጥ የተነሳው ኤዚክ የተባለ ስውር ማኅበርም በሚስጥር ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ሰው አሳልፍ፣ ያንን ግደል እያለ ይጎተጉተዋል። ዓላማቸው የምር ነፃነት ይሁን ሌላ ጭቆና ጨዋታው አያረጋግጥም፤ ይህን ማድረጉንም አከብርለታለሁ። ከመንገደኞቹ መካከል ፈገግ የሚያሰኘው ጆርጂ የተባለ አዛውንት ነው። ኮብራስታን የምትባል የፈጠራት አገር ፓስፖርት በእጁ ሥሎ ይመጣል፤ ሲመለስ አይቆጣም፤ ሌላ ቀን ሌላ ወረቀት ይዞ ይመለሳል።

ጨዋታው 31 ቀን የሚቆይ ሲሆን 20 መጨረሻዎች አሉት። ወደ ማብቂያው ላይ የአርስቶትስካ ዜጎች ፓስፖርት እንዲቀማ ትእዛዝ ይወርዳል፤ መጀመሪያ የአንድ አውራጃ ሰዎች፣ ቆይቶም የሁሉም። አገሬ ገባሁ ብለው የደረሱ ሰዎች ፓስፖርታቸው መሳቢያ ውስጥ ሲጣል ያያሉ። የተቆጣጣሪው የራሱ ቤተሰብም አይቀርለትም። ያኔ ካሉት መንገዶች አንዱ ወደ ኦብሪስታን መሸሽ ነው። ለዚያ ደግሞ ከኦብሪስታን መንገደኞች ፓስፖርት መቀማት፣ በእነሱም ፎርጅድ ማሠራት ያስፈልጋል፤ የሚረዳው ያው ደጋግሞ የመለሰው ጆርጂ ነው። ፓስፖርቱ ለሁሉም ከበቃ ቤተሰቡ አብሮ ይሄዳል። ካልበቃ ማን እንደሚቀር የሚመርጠው ራሱ ነው፤ የተቀማበት መንገደኛ ደግሞ ያለ ፓስፖርት ከመስኮቱ ፊት ቆሞ መልሱልኝ ይላል።