አደይ አበባን ለማየት ዝግ በሉ

 

በአውሮፓ የአበባ ወቅት የሚገባው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። በእኛ ደጋና ወይና ደጋ ግን የአበባ ወራት መስከረምና ጥቅምት ናቸው። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ጭቃው ሲጠጥርና ወንዙ ሲጎድል የተራራው ጎን ሁሉ ቢጫ ይለብሳል። ይሁንና ከተማ ተወልደው ከተማ ያደጉ ልጆቻችን አደይ አበባን የሚያውቋት ከፖስታ ካርድና ከቴሌቪዥን ነው። አንድ ቀን የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼን «የአደይ አበባን ቅጠል ሥላችሁ አሳዩኝ» ብላቸው፣ አንዱ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ቅጠል አላት እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀበት እንጂ ቅጠሏን የሣለ ሌላ ልጅም አልነበረም።

በሌላ በኩል ዛሬ ሞተር ሳይክል ያልገባበት የገጠር ከተማ የለም ለማለት ይቻላል። ወጣቱ ይሠራበታል፤ በበዓልና በእረፍት ቀንም ይንሸራሸርበታል። ይህ ሞተር ልጆቻችንን ወደዚያ አበባ ሊያደርስ ይችላል። አላህ ይጠብቀንና ወደ መቃብርም ሊያደርስ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን የሚለየው የነጂው ጥድፊያ ነው።

ከኮምቦልቻ እስከ ሐይቅ

ለአበባ ጉዞ ከሚመቹት መንገዶች አንዱ ከኮምቦልቻ በደሴ በኩል ወደ ሐይቅ የሚወስደው ነው። ጠቅላላ ርቀቱ ከ60 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ነገር ግን በዚህች አጭር መንገድ ላይ አየሩም ዕፅዋቱም ይለዋወጣሉ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ሐረጎን እየተጠማዘዙ ሲወጡ ደሴ እስኪደርሱ ድረስ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ይጨመራል። ጠዋት ጠዋት ጉም ስለሚወርድ ሱብሒን ሰግዶ ወዲያው ከመነሣት ይልቅ ፀሐይ እስክትሞቅ መጠበቅ ይሻላል። ጉሙ ሲገፈፍ መንገዱም ይደርቃል፣ ንቡም ሥራ ይጀምራል።

ከታች በኩል ዋንዛው ነጭ አበባውን ያወጣል። ወደ ላይ ሲወጡ አደይ በእርከኑና በማሳው ድንበር ላይ ትሰለፋለች። እርጥብ ሣር ባለበት መስክ ደግሞ ከብት የሚወደው ማገጥ ሐምራዊ ሆኖ ይታያል። ከደሴ በኋላ ጦሳን ወደ ኋላ ትተው ቁልቁል ወደ ሐይቅ ሲወርዱ፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር የሚያልፈው ውኃ ከቢጫው መስክ ማዶ ብቅ ይላል። እዚያ ሞተሩን አቁሞ፣ ዙሁርን ሰግዶ፣ ከቤት የተቋጠረውን ምሳ መብላት ነው።

ይህ መንገድ ሁልጊዜ የሽርሽር መንገድ አልነበረም። በ2014 ዓ.ል. ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን አዝሎ በዚሁ በሐረጎ በኩል ተሰዷል። በሰላም ወጥቶ አበባ አይቶ መመለስ ምን ያህል ኒዕማ እንደሆነ የወሎ ሰው ያውቃል። ስለሆነም ዛሬም ቢሆን ከመነሣት አስቀድሞ የመንገዱን ደኅንነት ማጣራት ያስፈልጋል።

አንዷ አበባ ስንት ናት?

አደይን በሩቁ ያየ ቢጫ ብቻ ነው የሚያየው። ወርዶ፣ ቁጢጥ ብሎ ያያት ግን ሌላ ነገር ያገኛል። አንድ አበባ የምንላት ብዙ ጥቃቅን አበቦች በአንድ ራስ ላይ የተሰበሰቡባት ናት። ዙሪያዋን የከበቡት ቢጫ ቅጠል መሳዮችም ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። ከሱፍና ከኑግ ጋር የአንድ ቤተሰብ ዘር ነች። በየእርሻው ውስጥ ከሚበቅለው መጭ ጋር የሚያምታቷትም ብዙዎች ናቸው። መለያው ተማሪዬ የጠየቀው ቅጠሉ ነው፡- የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ሲሆን የመጭ ግን ያልተከፈለ ነው፣ ግንዱንም አቅፎ ይይዛል።

ንቦች ሁለቱንም ይወዳሉ። በሀገራችን ዋናው የማር ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር የሚሆነውም ይህን አበባ ተከትሎ ነው። በደሴና በሐይቅ መካከል ንብ የሚያነቡ አንድ ሽማግሌ አግኝቼ «አባባ፣ ይህን የማሳውን ዳር ለምን አላረሙትም?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ማሳው የእኔ ነው፤ ድንበሩ የንቦቹ ነው። እሱን ካረምኩት ለኅዳር ምን እቆርጣለሁ?» አሉኝ። ከቅዱስ ቁርአን ምዕራፎች 16ኛው በንብ ስም የተሰየመ መሆኑን በመድረሳ ተምረናል። ሽማግሌው ግን ትምህርቱን በማሳቸው ዳር ይኖሩታል።

ጥድፊያ ምን ያሳጣል?

እስቲ ሂሳብ እንሥራ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንዲት ሰከንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ያልፋል። ዓይኑን ወደ አበባው ለሁለት ሰከንድ ቢመልስ 34 ሜትር መንገድ ሳያይ ሄደ ማለት ነው። በሐረጎ ጥምዝ ላይ በ34 ሜትር ውስጥ የጭነት መኪና፣ የፍየል መንጋ ወይም ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን ሊኖር ይችላል። በዚያ ላይ አደይን ከመጭ መለየት እንኳ አይችልም! ስለዚህ የአበባ ጉዞ ደንቡ አጭር ነው፡- ስትነዱ መንገዱን ብቻ እዩ፤ አበባ ማየት ስትፈልጉ ከመንገድ ወጥታችሁ ቁሙ።

ሄልሜት የፈሪ ምልክት የሚመስላቸው ወጣቶች አሉ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ፣ ሄልሜት የሚያደርግ ሞተረኛ አደጋ ሲደርስበት የመሞት ዕድሉ በ42 በመቶ፣ ጭንቅላቱ የመጎዳት ዕድሉ ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ተወኩል ሰበቡን ካደረሱ በኋላ ነው። ከኋላ የምትቀመጠው እህትህ ወይም ባለቤትህም ራስ አላት፤ ለእርሷም ሄልሜት ያስፈልጋታል። ከመነሣትህ በፊት ፍሬኑን፣ ጎማውንና ካቴናውን እይ። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ሳይሆን በዝቅተኛ ማርሽ ውረድ።

ለወላጆችና ለወጣቶች

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ «አበባ ላይ ልሂድ» ሲላችሁ «አይሆንም» ከማለት በፊት ከማን ጋር፣ በየት በኩልና በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ጠይቁት። ቢቻል አብራችሁት ሂዱ። ሞተር የሌላችሁም በሚኒባስ ሄዳችሁ ግማሽ ሰዓት በእግር ብትጓዙ አበባው አይሸሻችሁም።

ወጣቶችም ሆይ! የገበሬውን ጤፍና ማሽላ አትርገጡ፤ ማሳ ዳር ከመግባታችሁ በፊት ባለቤቱን ሰላም በሉ፣ አስፈቅዱም። አበባውን በእቅፍ አትንቀሉ፤ የዛሬዋ አበባ ለከርሞው ዘር ናት፤ ለንቡም ቀለቡ ናት። ይልቅስ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ቅጠሏን ሣሉ፣ ስሟን የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፣ ቤት ስትመለሱም ለታናናሾቻችሁ አሳዩ።

ጥቅምት ሲገባደድ ቢጫው ይጠወልጋል። መሬት የቀረው ዘር ቀጣዩን ክረምት ይጠብቃል። አላህ (ሱ.ወ.) ለከርሞው አበባ በሰላም ያድርሰን፤ ልጆቻችንንም ወጥተው የሚመለሱ ያድርግልን። አሚን!