መርከብ ሳትሳፈር የውቅያኖስን ወለል ያየችው ማሪ ታርፕ

የባሕር አሳሽ ሲባል በዓይናችን ላይ የሚመጣው ጠላቂ ዋናተኛ ወይም መርከብ ላይ የቆመ ካፒቴን ነው። ማሪ ታርፕ ግን ትልቁን ግኝቷን ያገኘችው ኒውዮርክ ውስጥ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ በቀለምና በማስመሪያ ነው። ለምን? በዚያን ጊዜ ሴቶች በምርምር መርከቦች እንዲሳፈሩ አይፈቀድላቸውም ነበራ!

ማሪ በ1920 አሜሪካ፣ ሚሺጋን ግዛት ተወለደች (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቷ የአፈር ካርታ የሚሠሩ ባለሙያ ስለነበሩ ካርታ እያየች ነው ያደገችው። የሥነ ምድር ትምህርት በር የተከፈተላት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹ ሲዘምቱ ነው። በ1948 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተቀጠረች። እዚያም ከብሩስ ሂዘን ጋር ሥራ ተከፋፈሉ፤ እሱ ባሕር ላይ ጥልቀት ይለካል፣ እሷ ቁጥሮቹን ወደ ሥዕል ትለውጣለች።

ጥልቀቱ እንዴት ይለካል መሰላችሁ? መርከቡ ወደ ታች ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ወለሉን ነክቶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከ4 ሰከንድ በኋላ ከተመለሰ ሁለቱ ሰከንድ መሄጃ፣ ሁለቱ መመለሻ ነው። ስለዚህ ወለሉ 3,000 ሜትር ታች ነው ማለት ነው። ማሪ እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን እየደረደረች የአትላንቲክን ወለል ከዳር እስከ ዳር የሚያሳዩ መስመሮች ሠራች።

በ1952 መስመሮቹን ጎን ለጎን ስታያቸው አንድ ነገር ተደጋገመባት። በውቅያኖሱ መሀል የተራራ ሰንሰለት እንዳለ ቀድሞም ይታወቃል። በተራራው አናት ላይ ግን ጥልቅ ስንጥቅ ነበር፤ ስምጥ ሸለቆ! ይህ እውነት ከሆነ ወለሉ ለሁለት እየተከፈተ፣ አህጉራትም እየተራራቁ ነው። ያኔ ደግሞ አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ የሚል ሰው በብዙ ሳይንቲስቶች ዘንድ መሳቂያ ነበር። ሂዘንም የሴቶች ወሬ ነው ብሎ አጣጣለባት።

ታዲያ ምን አሳመነው? አንድ ባልደረባቸው የመሬት መንቀጥቀጥ የተነሳባቸውን ቦታዎች ካርታ ላይ ይመዘግብ ነበር። ሁለቱ ካርታዎች ሲነጻጸሩ ነጥቦቹ ልክ ሸለቆው ላይ አረፉ። ነጥቦቹን ተከትለው ሲሄዱ ደግሞ መስመሩ ሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ገባ። አዎ፣ ዝዋይና ላንጋኖ ሐይቆች ወዳሉበት ወደ እኛው ሸለቆ!

ፈረንሳዊው የባሕር አሳሽ ዣክ ኩስቶም አላመነም ነበር። በመርከቡ ካሜራ እየጎተተ አትላንቲክን ሲያቋርጥ ግን ሸለቆውን ቀረጸው። ፊልሙን በ1959 ኒውዮርክ ውስጥ በተደረገ የውቅያኖስ ሳይንስ ጉባኤ ላይ ለሁሉም አሳየ።

ማሪ ራሷ በምርምር መርከብ የተሳፈረችው በ1968 ነው። ከሂዘን ጋር የሠራችው የዓለም ውቅያኖሶች ወለል ካርታ በ1977 ወጣ፤ በ2006 እስክታርፍ ድረስም ብዙ ክብር አገኘች።

ማሪ በቁጥር ያየችው ነገር በአፋር በረሃ፣ በደረቅ መሬት ላይ ይታያል። በ2005 ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ የመሬት ቅርፊት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ይዞ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተከፈተ። ክፍተቱ እስከ 8 ሜትር ሰፋ፤ ከሥር የወጣ ቅልጥ አለትም ሞላው። አትላንቲክም የሰፋው እንደዚሁ ነው፤ እየተከፈተ፣ እየተሞላ፣ እንደገና እየተከፈተ።